ከእሳት አደጋ ጣቢያ የመጡ ሽማግሌዎች

ቅዳሜ ጠዋት፣ እኛ ሐበሾች በበዛንበት የፈረንጅ አገር ሰፈር፣ ላንድማርክ ካለው የቤርሳቤህ ካፌ ጎራ ያለ ሰው መቀመጫ አያገኝም። ግማሹ አርሴናል፣ ግማሹ ማንቼስተር ነው፤ አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ ከአንድ ሳህን ፉል እየበሉ ይሰዳደባሉ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል አንድ ሰው ብቻ ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ቀይ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፣ ትናንት ያለቀ የቤዝቦል ጨዋታ በስልካቸው ደግመው ያያሉ። ጋሽ ዓብዩ ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ ሦስት፤ ሥራቸው ስታዲየሙ አጠገብ ያለ ፓርኪንግ ውስጥ፤ በሽታቸው ቤዝቦል።

«ጋሽ ዓብዩ፣ እውነት አሁን ይሄ ስፖርት ነው?» ይላቸዋል ንጉሡ፣ የአርሴናሎቹ አለቃ። «ሰዎቹ እኮ ሜዳ ላይ ቆመው ሱፍ ነው የሚፈለፍሉት!»

«አንተ ምኑን አውቀኸው! ስማ ልንገርህ። ዱላ የያዘው ሰውዬ የቆመባት ቦታ ቤት ትባላለች። ኳሷን መትቶ ይሮጣል። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ምልክት ረግጦ፣ ዞሮ ከተነሳባት ቤት ከገባ አንድ ተቆጠረለት። መንገድ ከቀረ፣ የፈለገውን ያህል ቢሮጥ አይቆጠርም። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት ሲባል አልሰማህም? አባቶቻችን ቤዝቦልን ሳያዩት ጨርሰውታል!»

ካፌው በሳቅ ይሞላል። ጋሽ ዓብዩም ይስቃሉ። ግን የእሳቸው ሳቅ ከሌላው ሰው ሳቅ ቀድሞ ነው የሚያልቀው፤ ወዲያው ወደ ስልካቸው ያቀረቅራሉ። ቤርሳቤህ ከባንኮኒው ኋላ ሆና ታያቸዋለች፤ ምን እንደሚያስቡ ስለምታውቅ ሻያቸውን ሳይጠይቋት ትቀይርላቸዋለች።

ይህን ጨዋታ ያስተማረቻቸው ልጃቸው ማኅደር ናት። እናቷ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጋሽ ዓብዩ ሹሩባ መሥራትን ከዩቲዩብ፣ ምስር ወጥን ከቤርሳቤህ ተምረው ብቻቸውን አሳደጓት። ሃይስኩል ስትገባ ሶፍትቦል ቡድን ውስጥ ተመረጠች፤ የሴቶች ቤዝቦል በሉት፣ ኳሱ ተለቅ ይላል እንጂ። እሷ ካቸር ነበረች፤ ከመቺዋ ጀርባ ጭምብል አጥልቃ፣ ቁጢጥ ብላ፣ የሚወረወረውን ኳስ ሁሉ የምትቀልብ። አባት ከሽቦው አጥር ኋላ ይቆማሉ። ሕጉን ስለማያውቁ ልጃቸው በነካችው ኳስ ሁሉ «ጎበዝ!» ይላሉ፤ ብትይዘውም ጎበዝ፣ ብትጥለውም ጎበዝ። በሁለተኛው ዓመት ቡድኑ በሙሉ፣ ኮሪያዊቷም ሜክሲኳዊቷም፣ አንዷ ኳስ በመታች ቁጥር «ጎበዝ!» እያሉ ይጮሁ ጀመር። ጋሽ ዓብዩ በሕይወታቸው ያን ያህል የኮሩበት ቀን የለም።

ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ ስታዲየም መሄድ ለመዱ። በዓመት መቶ ስድሳ ሁለት ጨዋታ አለ፤ ከሥራ ጋር አይሆንም እንጂ እሳቸው አንዱንም ባያልፉት ደስታቸው ነበር። እሷ ታስረዳለች፣ እሳቸው ይከራከራሉ። «ለምንድነው ሳይመታ በእግሩ እየተንሸራሸረ የሚሄደው?» «አባዬ፣ አራት ጊዜ መጥፎ ኳስ ስለወረወሩበት ነው።» «እንግዲያው ወርዋሪው ያፍራ እንጂ እሱ ምን ያንቀባርረዋል?» የኋላው ወንበር ላይ የተቀመጡት ፈረንጆች ቋንቋው ሳይገባቸው አብረው ይስቁ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው አምና ሐምሌ፣ እሑድ ምሳ ላይ ነው። ማኅደር ነርሲንግ ልትጨርስ አንድ ዓመት ነበር የቀራት። ሹካዋን አስቀምጣ «አባዬ፣ አካዳሚው ተቀበለኝ» አለች።

«የምን አካዳሚ?»

«የፋየር ዲፓርትመንቱ። ነርሲንጉን ድሮፕ አድርጌዋለሁ። እሳት አደጋ ልሆን ነው።»

ጋሽ ዓብዩ መጀመሪያ የምትቀልድ መሰላቸው። እንዳልቀለደች ሲገባቸው ሳህናቸውን ገፉት። ሰው እሳት ሲያይ ይሸሻል፤ የእሳቸው ልጅ፣ ያቺ አንድዬ፣ ወደ እሳት ልትሮጥ! ፍርሃት ብሎ ነገር ከአባት አፍ እንደ ፍርሃት አይወጣም፤ ቁጣ ሆኖ ነው የሚወጣው። «ያሳደግሁሽ ለማገዶ አይደለም!» አሉ። «ይሄን ሥራ ይዘሽ ሁለተኛ እዚህ ቤት እግርሽ እንዳይደርስ!»

እንግዲህ የኛ ሰው ይህን ንግግር ሲሰማ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። «እግርሽ እንዳይደርስ» ማለት በራችን ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ሽማግሌ ላኪ ማለት ነው። ልጅ ትልካለች፣ ሽማግሌ ይለምናል፣ አባት ይቆጣል፣ ይንጎራደዳል፣ መጨረሻ ላይ ጉልበት ይሳማል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። ማኅደር ግን እዚህ ያደገች ልጅ ናት። እንዳትመጪ ተባለች፤ አልመጣችም።

እሳቸው ሽማግሌ ይጠብቃሉ፤ እሷ ስልክ ትጠብቃለች። አሥራ አራት ወር እንዲህ አለፈ።

ቢደውሉ ምን ነበረበት? ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ግን ኩራት ራታቸው ነው ጋሽ ዓብዩ። አባት ነኝ፣ ደንብ አለ፣ መጀመሪያ ሽማግሌ ይምጣ፣ ይላሉ። ለፋሲካ «መልካም በዓል አባዬ» የሚል ቴክስት ልካላቸው ነበር። ያቺን መልእክት ፓርኪንጉ ውስጥ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጠው ስንቴ እንዳነበቧት እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ። መልስ ግን አልላኩም። ስታዲየምም ሲሄዱ የሚቀመጡት ከአጠገባቸው አንድ ወንበር ይዘው ነው። ሰው መጥቶ ባዶ ነው ወይ ሲላቸው «እየመጣች ነው» ይላሉ። ጨዋታው ተጋምሶም እየመጣች ነው፤ ሊያልቅ ሲልም እየመጣች ነው። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲወጣ ጃኬታቸውን ከወንበሩ ያነሳሉ።

የልጃቸውን ሺፍት ግን ከማንም በላይ ያውቁታል። እሳት አደጋ ሃያ አራት ሰዓት ሠርቶ አርባ ስምንት ሰዓት ያርፋል። ማኅደር አንድ ቀን ተረኛ መሆኗን ከቤርሳቤህ ሰሙ፤ የቀረውን በጣታቸው ቆጥረው ደረሱበት። ፍሪጁ ላይ የለጠፉት የቤዝቦል ፕሮግራም ላይ ተረኛ የምትሆንባቸውን ቀኖች በቀይ እስክሪብቶ አከበቡ። በቀይ ቀን የሳይረን ድምፅ ከሰሙ የያዙትን ጥለው ይቆማሉ። በቀይ ቀን ወደ ሥራ ሲሄዱም ትልቁን መንገድ ትተው እሷ በምትሠራበት የእሳት አደጋ ጣቢያ በኩል ይዞራሉ። ለምን እንደሚዞሩ የጠየቃቸው ሰው ቢኖር «ትራፊክ ስለሚበዛ» ይሉት ነበር።

አንድ ቀን ሚያዝያ ላይ የጣቢያው ትልቅ በር ተከፍቶ አገኙት። ቀዩ መኪና ደጅ ወጥቶ ቆሟል፤ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ጎማውን ታጥባለች። ከጎኗ ወፍራሙ የእሳት ልብስ ሊናፈስ ተሰቅሏል። በልብሱ ጀርባ፣ ከታች በኩል፣ በሚያበራ ቢጫ የእንግሊዝኛ ፊደል ስም ተጽፎበታል፤ «ዓብዩ» ይላል። እዚህ አገር የአባት ስም የቤተሰብ ስም ነው፤ እሳት አደጋዎች ደግሞ የሚጠራሩት በቤተሰብ ስም ነው። ለካ እዚያ ቤት ማኅደር የምትባል ልጅ የለችም። ዓብዩ ነው የምትባለው። ጋሽ ዓብዩ የገዛ ስማቸው ጥቀርሻ ጠጥቶ እዚያ ተንጠልጥሎ ሲያዩት እግራቸው ፍሬኑ ላይ ቀረ። ስማቸው ከእሷ ጋር ጭስ ውስጥ ይገባል፤ እሳቸው ውጭ ቀርተዋል። ከኋላ ያለው ሾፌር ጡሩምባ ሲነፋ ልጅቷ ቀና አለች። እሳቸው ኮፍያቸውን ደፍተው ነዱ። ያን ቀን ለደንበኛ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ቁልፍ ሰጡ።

መስከረም ላይ ማኅደር በዕረፍት ቀኗ ቤርሳቤህ ካፌ መጣች። ቤርሳቤህ የእናቷ ጓደኛ ነበረች፤ ቁጣ ትችልበታለች።

«አንቺ ልጅ፣ ልብሽ ድንጋይ ነው? አባትሽ እኮ አለቀ! ሽማግሌ አትልኪም?»

«ሽማግሌ? ምን ዓይነት ሽማግሌ?»

«በስመ አብ! ምን ዓይነት ይባላል? የምታከብሪያቸው፣ ስለ አንቺ ቆመው የሚናገሩልሽ ትልልቅ ሰዎች። ሦስት ይሁኑ። ማለዳ፣ ሥራ ሳይወጣ ይሂዱ። ኮፍያ ካላቸው ያውልቁ። ረጋ ብለው ይናገሩ፣ ዘለው ወደ ነገሩ አይግቡ። እሺ እስኪላቸው እንዳይቀመጡ። አንቺም እስክትጠሪ ታች ቆይ።»

ማኅደር ሁሉንም ስልኳ ላይ ጻፈች። ቤርሳቤህ ልጅቷ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ አንድ ቄስና ሁለት አዛውንት የምታመጣ ነበር የመሰላት። ማኅደር ግን የማከብረው፣ ስለ እኔ የሚቆም ትልቅ ሰው ማነው ብላ ስታስብ፣ አብረዋት ጭስ ውስጥ የሚገቡት ናቸው የመጡላት።

ረቡዕ ማለዳ ጋሽ ዓብዩ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ ሳለ በራቸው ተንኳኳ። በቀዳዳው አጮልቀው አዩ። ሦስት ሰዎች ጥቁር ሰማያዊ የእሳት አደጋ ዩኒፎርም ለብሰው ቆመዋል። አንዱ ፂሙ የሸበተ ግዙፍ ሰው፤ አንዷ አጠር ያለች ሴትዮ፤ አንዱ መላጣ። ሦስቱም ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ፍሪጁ ላይ ባለው ፕሮግራም ትናንት በቀይ የተከበበ ቀን ነበር።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሥራ ሳይወጣ፣ በማለዳ፣ ሰብሰብ ተብሎ ይመጣል። የዛሬ ሦስት ዓመት እናታቸው ሲሞቱ በዚሁ በር፣ በዚሁ ሰዓት፣ የላንድማርክ ሰዎች ልክ እንዲህ ኮፍያቸውን ይዘው ቆመው ነበር።

ጋሽ ዓብዩ ከበሩ ወደ ኋላ ሸሹ። አንድ ሐሳብ ብቻ ነበራቸው፤ ካልከፈትኩ አልተነገረኝም። ካልተነገረኝ ልጄ አለች። ኩሽና ገቡና ምንም እንዳይሰሙ ቧንቧውን ከፈቱት። በሩ እንደገና ተንኳኳ። «ሚስተር ዓብዩ?» የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ። ውኃውን ጨመሩት። እጃቸውን ከነሸሚዙ ውኃው ሥር ዘርግተው እንደቆሙ የፋሲካዋ ቴክስት ትዝ አለቻቸው። አንዲት መስመር። «ለአንቺም ልጄ» ብሎ ለመመለስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አሥራ አራት ወር ሙሉ፣ ምን አገኛለሁ ብዬ ነው እንዲያ የጠበቅሁት?

ምን ያህል እንደቆዩ አያውቁም። እንዲከፍቱ ያደረጋቸው ጀግንነት አይደለም። ልጄ የሆነ ቦታ ብቻዋን ተኝታለች፣ ከጎኗ አንድ የሥጋ ዘመድ የለም የሚል ነገር ድንገት ሽው ሲልባቸው ነው። ቧንቧውን ዘግተው፣ እጃቸው ውኃ እያንጠባጠበ ከፈቱ።

«ግቡ» አሉ። «ተቀመጡ።»

ሦስቱም ገቡ። አንዳቸውም አልተቀመጡም።

ሽበታሙ ካፒቴን ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው። ካፒቴን ራሰል እባላለሁ አለ። ረጋ እንዲል ስለተነገረው በጣም ረጋ አለ። ዘሎ ወደ ነገሩ እንዳይገባ ስለተነገረው ስለ አየሩ ትንሽ ተናገረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ «እኛ የመጣነው» አለ፣ «ስለ ልጅዎ ነው።»

«ማሂዬ!» አሉ ጋሽ ዓብዩ። ምንጣፉ ላይ ወደቁ፤ ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ይመቱ ጀመር። «እናቴ! እኔን ያስቀድመኝ አላልኩም ወይ! ሳልደውልልሽ! ወይኔ ልጄን፣ ሳልደውልልሽ!»

ቋንቋውን የማያውቅ እሳት አደጋ፣ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ደረቱን ይዞ ሲወድቅ ሲያይ የሚያውቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ልቡ ሊቆም ነው። ሴትዮዋ በአንድ ዝላይ አጠገባቸው ደርሳ አንገታቸው ላይ ጣቷን አስቀመጠች። መላጣው ሸሚዛቸውን ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ካፒቴኑ ስልኩን አወጣ። እሳቸው ግን ልቀቁኝ፣ ላልቅስበት እያሉ ይታገላሉ፤ እነሱ ተረጋጋ፣ ተንፍስ ይሏቸዋል። «ወዴት ነው የወሰዳችኋት?» አሉ በእንግሊዝኛ። «ወደ እሷ ውሰዱኝ!»

«እየመጣች ነው ሚስተር ዓብዩ» አለ ካፒቴኑ። «ታች መኪና ውስጥ ነች። ጠርቻታለሁ።»

ጋሽ ዓብዩ ይህን ሲሰሙ አስከሬኗን ይዘው የመጡ መሰላቸውና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አራት ፎቅ ደረጃ በሩጫ ወጥታ በሩን በትከሻዋ ገፍታ የገባችው ማኅደር ናት። «አባዬ! ዋት ሃፐንድ? ምን አደረጋችሁት?»

ጋሽ ዓብዩ ዓይናቸውን ገለጡ። ልጃቸው ላያቸው ላይ ተደፍታለች፤ ትተነፍሳለች፤ ፀጉሯ ሳሙና ሳሙና ይላል። ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጆሮዋን ዳበሱ። ግንባሯን፣ አገጯን፣ እንደገና ጆሮዋን ዳበሱ። ደጋግመው «አለሽ?» ነበር የሚሉት። «አለሽ? አለሽ እንዴ?»

«አለሁ አባዬ። ምን ብለውህ ነው?» ጥያቄውን ወደ ካፒቴኑ ዞራ በእንግሊዝኛ ደገመችው።

«ያልሽንን ነው ያልነው» አለ ካፒቴኑ ላብ በላብ ሆኖ። «ስለ ልጅዎ ነው አልን። አልተቀመጥንም። ኮፍያችንን አወለቅን።»

ማኅደር ይህን ስትሰማ ምንም አልገባትም። አባቷ እየተንሰቀሰቁ፣ ቃል እየተቆራረጠባቸው፣ ማለዳ ሰብሰብ ብሎ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ነገሯት። ሲገባት አፏን ያዘች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣችና ራሷን ደረታቸው ላይ፣ በተቀደደው ሸሚዝ መሀል ጣለችው።

ቆይታ ቀና አለች። «አባዬ፣ እኔ የላክኋቸው እንድንታረቅ ነው። ግን ሥራዬን አልተውም። እወደዋለሁ። ይሄንንም እንዲነግሩህ ነበር።»

ጋሽ ዓብዩ ቁጭ አሉ። ፍርሃቱ አልለቀቃቸውም፤ ወደፊትም አይለቃቸውም፤ በየሦስተኛው ቀን ሳይረን በጮኸ ቁጥር ልባቸው ይቆማል። ይህን ያውቁታል። ነገር ግን ከበሩ ወዲህ ማዶ ሆነው፣ ልጅ የሌለው አባት ሆነው የቆሙባትን ያቺን ጊዜ አይተዋታል። እዚያ ቦታ ሆነው የቆጫቸው ሥራዋ አልነበረም።

ካፒቴን ራሰል አደራውን የሚረሳ ሰው አይደለም። አሁንም ቆሟል። «ሚስተር ዓብዩ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ልጅዎ ይቅርታ ትጠይቃለች። ምን ብለን እንመልስላት?»

ጋሽ ዓብዩ ሶፋውን ተደግፈው ተነሡ። የተቀደደ ሸሚዛቸውን በአንድ እጃቸው ሰበሰቡ።

«ካፒቴን» አሉ፣ «ሽማግሌ የሚልከው ያጠፋ ሰው ነው። ይቺ ልጅ ምንም አላጠፋችም። አሁን እናንተ የእኔ ሽማግሌዎች ናችሁ። ዞራችሁ እሷን ለምኑልኝ።»

ካፒቴኑ ወደ ባልደረቦቹ ተመለከተ። በአባትና በልጅ መሀል ያለው ሁለት እርምጃ ያህል ቢሆን ነው። አባት ለልጁ ሽማግሌ ሲልክ በአገራችን ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም፤ ካፒቴኑ ግን ይህን ከየት ያውቃል? ኮፍያውን መልሶ ደረቱ ላይ አደረገና ወደ ማኅደር ዞረ። ሁለቱም አብረውት ዞሩ።

«ዓብዩ» አላት፣ በጣቢያው ስሟ። «አባትሽ ልከውን ነው። ይቅርታ ይጠይቁሻል።»

በደንቡ ሽማግሌ በአንድ ጉዞ አይሳካለትም። ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ በሦስተኛው ነው «እንግዲህ ስለ እናንተ ስል» የሚባለው። ይህን ለማኅደር የነገራት ሰው አልነበረም። በመጀመሪያው እሺ አለች።